የእጅ አማተር ሬዲዮ ይዞ ወደ ውጭ ሀገር መጓዝ፦ ከፈቃድ እስከ መጀመሪያው ጥሪ ዝርዝር መመሪያ

«ሬዲዮዬን ይዤ ሄድኩ፤ ስጠራ ብውል የመለሰልኝ ሰው የለም።» «ጉምሩክ ላይ ያዙብኝ።» «የአማተር ባልሆነ ፍሪኩዌንሲ እያወራህ ነው ብለው ተቆጡኝ።» ከተጓዥ አማተሮች አፍ የማይጠፉት ቅሬታዎች እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሦስቱም መነሻ አንድ ነው፤ ሥራው እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚጀመር ይመስላቸዋል። የእጅ ሬዲዮ ጉዞ ግን ከአሥር ዘጠኝ እጁ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው።

መመሪያው የተጻፈው በሀገራቸው የአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎት የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት) ፈቃድና የጥሪ ምልክት፣ ማለትም በአየር ላይ የሚታወቁበት መለያ፣ ላላቸው ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ድንበር ስለተሻገረ ማስተላለፍ አይፈቀድለትም። ከታች ያሉት የፍሪኩዌንሲ ቁጥሮች ሌላ ካልተባለ በሜጋኸርዝ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ፈቃዱን ጨርሱ (ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት)

የምትሄዱበትን ሀገር ጻፉ። በመንገድ የምታቋርጡትንም ጨምሩ። ትራንዚት ላይ ከኤርፖርት የምትወጡ ከሆነ ያም ሀገር ይቆጠራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሀገር ከሚከተሉት ሦስት መንገዶች የትኛው እንደሚሠራላችሁ አጣሩ።

የመጀመሪያው ሴፕት ነው፤ የአውሮፓ ሀገሮች የፖስታና የቴሌኮም አስተዳደሮች ጉባኤ ማለት ነው። ቲ/አር 61-01 የሚባለው የአውሮፓ ምክረ ሐሳብ፣ ከተቀበሉት ሀገሮች ፈቃድ ያለው አማተር ሌላኛው አባል ሀገር ገብቶ እስከ ሦስት ወር ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ እንዲሠራ ይፈቅዳል። አውሮፓ ውስጥ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ አሜሪካና ካናዳን የመሳሰሉ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ሀገሮችም ገብተውበታል። ለጀማሪ ደረጃ ፈቃድ ደግሞ 05(06) የሚባል ሌላ ምክረ ሐሳብ አለ፤ እሱን የተቀበሉት ሀገሮች ያንሳሉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የፈቃዱ ደረጃ ላይ ነው። ሀገራችሁ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሯ ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ የአሜሪካ ፈቃድ ከሆነ ኤክስትራና አድቫንስድ ሙሉውን የሴፕት መብት ያገኛሉ፣ ጄኔራል የጀማሪውን ያገኛል፣ ቴክኒሻን ግን ምንም አያገኝም። ስለዚህ በምክረ ሐሳቡ አባሪ ሠንጠረዥ ላይ የሀገራችሁንም የፈቃዳችሁንም ደረጃ ስም በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛው አይኤአርፒ ነው። በአሜሪካ አህጉሮች ያሉ የተወሰኑ ሀገሮች የተስማሙበት ዓለም አቀፍ የአማተር ፈቃድ ነው። ይህኛው ከጉዞ በፊት ተጠይቆ በወረቀት የሚወጣ ነው። በቤት ፈቃዳችሁ ብቻ አትሂዱ።

ሦስተኛው የሁለትዮሽ ስምምነት ወይም የእንግዳ ፈቃድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማይሠሩ ከሆነ ለሀገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ታመለክታላችሁ። ሁለት ወር ያልኩት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ቅጹን በኢንተርኔት ይቀበላል፣ አንዳንዱ በአካል ቀርባችሁ ፊርማ እንድታኖሩ ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የማስተላለፍ ፈቃድና የማስገባት ፈቃድ ይለያያሉ። አንዳንድ ሀገር ውስጥ የጠፋ ሬዲዮ እንኳ ያለ ፈቃድ በሻንጣ መያዝ ያስጠይቃል። ለተቆጣጣሪው ስትጽፉ «ማስተላለፍ እችላለሁ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «መሣሪያውን ይዤ መግባት እችላለሁ ወይ?» የሚለውንም ለብቻው ጠይቁ።

መልስ ከዘገየ፦ የሀገሪቱን የአማተር ሬዲዮ ማኅበር በኢሜይል አግኙ። የትኛው ቢሮ ጋ፣ በየትኛው ቅጽ እንደሚያልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እንግዳ መርዳትም ደስ ይላቸዋል። የጉዞው ቀን ደርሶ መልስ ካልመጣ ሬዲዮውን ቤት ተዉት። «ለመስማት ብቻ እይዘዋለሁ» የሚለው ሐሳብም ሁልጊዜ አያዋጣም። በእንግሊዝ ሀገር ለምሳሌ የ2006ቱ የገመድ አልባ ቴሌግራፊ ሕግ ለእናንተ ያልታሰበን ሥርጭት ማዳመጥን ይከለክላል።

ደረጃ 2፦ የሀገሩን ባንድ እወቁ

እንግዳ የሚሠራው በአስተናጋጁ ሀገር ደንብ ነው። ቤታችሁ የተፈቀደ ባንድም (የተመደበ የፍሪኩዌንሲ ወሰን) ሆነ ዋት እዚያ ላይፈቀድ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ክልል ከፍሏታል። ክልል 1 አውሮፓን፣ አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን ይይዛል። ክልል 2 የአሜሪካ አህጉሮች ናቸው። ክልል 3 አብዛኛው እስያና ፓስፊክ ነው። ባንዶች የሚጠሩት በሞገዳቸው ርዝመት ነው። የሁለት ሜትር ባንድ በክልል 1 ከ144 እስከ 146 ብቻ ነው፤ በሌሎቹ እስከ 148 ይደርሳል። 70 ሴንቲ ሜትር በክልል 1 ከ430 እስከ 440 ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ግን በብዙ ቦታ ከ420 እስከ 450 ነው። ከ222 እስከ 225 ያለው ባንድ የክልል 2 ነው፤ ከዚያ ውጭ እርሱት።

ከዚህ የሚወለደውን ወጥመድ ልብ በሉ። 146.520 አሜሪካ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው የጥሪ ፍሪኩዌንሲ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከአማተር ባንድ ውጭ ነው። 446.000ም እንደዚያው የአሜሪካ የጥሪ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ልዩ ፈቃድ የማይጠየቅባቸው፣ በግማሽ ዋት የሚሠሩ ትናንሽ የፒኤምአር ሬዲዮዎች ክልል መነሻ ላይ ይወድቃል። በአምስት ዋት የአማተር ሬዲዮ እዚያ መግባት ጥሰት ነው። የአውሮፓ የጥሪ ፍሪኩዌንሲዎች 145.500 እና 433.500 ናቸው። በጃፓን 145.00 እና 433.00 ናቸው።

ያላችሁበትን ቦታ የምትልክ ሬዲዮ ካላችሁ የዚህ ሥርዓት፣ የኤፒአርኤስ፣ ፍሪኩዌንሲም ይቀየራል፦ ሰሜን አሜሪካ 144.390፣ አውሮፓ 144.800፣ አውስትራሊያ 145.175። ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ተግባር አጥፉት። ካላጠፋችሁት ሬዲዮው ገና ስትከፍቱት ሳትነኩት ራሱ ያስተላልፋል።

ደረጃ 3፦ ሬዲዮውን ቤት ሆናችሁ ፕሮግራም አድርጉ

ሆቴል ገብቶ በቁልፍ መታገል አያዛልቅም። ኮምፒውተርና ገመድ በእጃችሁ እያለ ጨርሱት።

1. አሁን ሬዲዮው ላይ ያለውን አውርዳችሁ በፋይል አስቀምጡ። ቸርፕ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ለብዙ ሞዴሎች ይሠራል። ስትመለሱ የምትጭኑት ይህንኑ ፋይል ነው።

2. የምትሄዱባቸውን ከተሞች ሪፒተሮች፣ ማለትም ደካማ ምልክትን ተቀብለው በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጠንክረው የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች፣ ሰብስቡ። ሪፒተርቡክ የሚባለው ድረ ገጽና አፕ ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን አንዳንዱ መረጃ ያረጀ ነው። የሀገሩ ማኅበር የራሱ ዝርዝር ካለው እሱን እመኑ። ዝርዝሩን ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት በሚከፈት መልክ አስቀምጡ፣ በወረቀትም አትሙት።

3. ለእያንዳንዱ ሪፒተር አራት ነገር አስገቡ፦ የምትሰሙበትን መውጫ፣ ወደ መግቢያው ያለውን ልዩነት ማለትም ሺፍቱን፣ ቶኑን እና የቻናል እርምጃውን።

ሺፍቱ ላይ ጊዜ ስጡ። አሜሪካ ውስጥ በሁለት ሜትር 600 ኪሎኸርዝ፣ በ70 ሴንቲ ሜትር 5 ሜጋኸርዝ የተለመደ ነው። አውሮፓ በሁለት ሜትር 600 ኪሎኸርዝ ወደ ታች ነው። በ70 ሴንቲ ሜትር ግን ሀገር ከሀገር ይለያል። ጀርመን ውስጥ የተለመደው 7.6 ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ በ439.000 የምትሰሙት ሪፒተር በ431.400 ይቀበላችኋል። እንግሊዝ ውስጥ ብዙዎቹ 1.6 ወደ ላይ ናቸው፤ 433.000 ላይ የሚሰማው በ434.600 ይቀበላል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሬዲዮ ሺፍቱን በራሱ የሚያስገባው በአሜሪካ አቀማመጥ ነው። የአውሮፓን ቁጥር ስታስገቡ ወይ የተሳሳተ ሺፍት ይሰጣችኋል ወይ ጭራሽ አይሰጣችሁም። ሪፒተሩን ጥርት አድርጋችሁ ትሰማላችሁ፣ እሱ ግን አይሰማችሁም። «ማንም አልመለሰልኝም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። አውቶማቲኩን አጥፉና በእጅ አስገቡ።

እርምጃው ሌላው ጣጣ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቻናሎች በ12.5 ኪሎኸርዝ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሬዲዮው በ5 እርምጃ ላይ ከሆነ 145.7125ን አልቀበልም ይላል፤ ወደ 145.710 ያስጠጋባችኋል። እርምጃውን ወደ 12.5 ቀይሩ። ቻናሎቹ ጠባብ በሆኑበት ሀገር የድምፅ ስፋቱንም ወደ ጠባብ አድርጉ። አለዚያ ድምፃችሁ እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ጎረቤት ቻናልም ትረብሻላችሁ።

ቶንን በተመለከተ አብዛኛው ሪፒተር ሲቲሲኤስኤስ የሚባለውን ከድምፅ ሥር የሚሄድ ቶን ይጠይቃል። አንዳንድ የአውሮፓ ሪፒተር ግን የሚነሳው በ1750 ኸርዝ አጭር ፉጨት ነው። ሬዲዮአችሁ ይህን ፉጨት በየትኛው ቁልፍ እንደሚያወጣ ከመመሪያው ላይ ፈልጋችሁ ያዙ።

4. አሁን ሳታስተላልፉ ፈትሹት። መውጫና መግቢያን የሚያገላብጠውን «ሪቨርስ» ቁልፍ ተጫኑ። የጀርመኑ ምሳሌ ላይ 439.000 የነበረው ስክሪን 431.400 ማሳየት አለበት። ሌላ ቁጥር ካሳየ ሺፍቱ ወይም አቅጣጫው ተሳስቷል። እያንዳንዱን ቻናል እንዲህ እለፉት። አሰልቺ ነው፤ ግን በኋላ ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል።

5. ማስተላለፍ የማይፈቀድባቸውን የአየር ሁኔታም ሆነ ሌላ የማዳመጫ ቻናሎች ማስተላለፊያቸውን ቆልፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአማተር ባንድ ውጭ እንዲያስተላልፍ የተከፈተ ሬዲዮ ይዛችሁ ድንበር አትሻገሩ። ፈቃዳችሁ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መርማሪው የሚያየው መሣሪያው የሚችለውን ነው።

ደረጃ 4፦ ሻንጣውን አዘጋጁ

መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ ከእናንተ ጋር ወደ ካቢን ይገባል፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት አባዙ። 7.4 ቮልት፣ 1800 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 13.3 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። የእያንዳንዱን መለዋወጫ ብረት ጫፎች በፕላስተር ሸፍኑና በየፕላስቲክ ከረጢቱ ለያዩ። የሳንቲም ወይም የቁልፍ ንክኪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከሌለው በመሰኪያ አዳፕተር ብቻ አትሰኩት፤ ይቃጠላል። በዩኤስቢ የሚሞላ ባትሪ ካላችሁ ይዛችሁ የምትሄዱት እሱን ነው።

ከሬዲዮው ጋር የመጣችው አጭር አንቴና ደካማ ናት። ረዘም ያለች ተለዋጭ አንቴና ጨምሩ፤ ግን ማያያዣውን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። የኤስኤምኤ ማያያዣ ወንድና ሴት አለው፤ ባኦፌንግን የመሰሉ ሬዲዮዎችና ብዙዎቹ የጃፓን ሬዲዮዎች ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ለሌላው አይገጥምም።

ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ግን ቁራጭ ሽቦ ነው። 49 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ የተሸፈነ ሽቦ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ላጡና በአንቴናው ማያያዣ ውጫዊ ብረት ዙሪያ፣ ማለትም አንቴናው ከሬዲዮው ጋር በሚገናኝበት ቀለበት ላይ ጠምጥሙት። የተላጠው ሽቦ የመሐሉን መርፌ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። አንቴናውን መልሳችሁ አጥብቁ። ሽቦው ከሬዲዮው ወደ ታች ይንጠልጠል። ለሁለት ሜትር ባንድ ይህ የጎደለውን ሁለተኛውን የአንቴና ግማሽ ይሞላል። አንዳንዴ የማይነሳውን ሪፒተር ያስነሳል። ለፍተሻ ስትቀርቡ ግን ፍቱት፤ የተንጠለጠለ ሽቦ ያለው መሣሪያ ማንንም ያስደነግጣል።

በወረቀት ፋይል ውስጥ የሚከተሉትን ያዙ፦ የፈቃዱን ዋና ቅጂና ሁለት ፎቶ ኮፒ፣ ሴፕት ከሆነ ፈቃዱ ስለሴፕት የሚናገረውን ክፍል፣ የእንግዳ ፈቃዱን ወይም የተቆጣጣሪውን ኢሜይል፣ የሬዲዮውን ደረሰኝ። ደረሰኙ ስትመለሱ «ውጭ ገዝተህ ነው» ተብሎ ቀረጥ እንዳትጠየቁ ይጠቅማል።

ደረጃ 5፦ ኤርፖርትና ድንበር

አንቴናውንም ባትሪውንም ከሬዲዮው ነቅላችሁ በግልጽ በሚታይ ኪስ ውስጥ አኑሩ። ፈታሹ «ምንድን ነው?» ካለ «የአማተር ሬዲዮ፣ ፈቃድ አለኝ» በሉና ወረቀቱን ስጡ። ስለ ሞገድና ሪፒተር ማብራሪያ አትጀምሩ። «ዎኪቶኪ» ካላችሁ ደግሞ ሰውየው የሚያስበው የጥበቃና የፖሊስ ሬዲዮ ነው።

አውሮፕላን ውስጥ አትክፈቱት። ኤርፖርት ግቢም ውስጥ አታስተላልፉ።

ጉምሩክ ሊያስቀረው ከፈለገ አትከራከሩ። የተያዘበትን ደረሰኝ፣ የሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን ጽሑፍ ጠይቁ። ስትወጡ መመለስ የሚቻልበትን ቢሮና ሰዓትም ያኔውኑ አስጽፉ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትለፉ፤ ያለ እሱ ዕቃውን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ጥሪ

1. ከፍ ያለ ቦታ ውጡ። ከሆቴል ክፍል ውስጥ የብረት መስኮትና ግድግዳ ሞገዱን ይበላዋል። ሰገነት ወይም ኮረብታ ከተጨማሪ ዋት ይሻላል።

2. ቢያንስ አሥር ደቂቃ አዳምጡ። ሰዎቹ በየት ቋንቋ ያወራሉ? በየመሐሉ ስንት ሰከንድ ይተዋሉ? የተደራጀ ስብሰባ ላይ ከሆኑ አትግቡ፤ እስኪያልቅ ጠብቁ።

3. የጥሪ ምልክቱን በደንቡ አስተካክሉ። በሴፕት ስትሠሩ የሀገሩ ቅድመ ምልክት፣ ከዚያ «ስትሮክ» (የ«/» ምልክት)፣ ከዚያ የራሳችሁ ምልክት ነው። ለፈረንሳይ ኤፍ፣ ለጀርመን ዲኤል፣ ለጣሊያን አይ፣ ለስፔን ኢኤ፣ ለስዊዘርላንድ ኤችቢ9 ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

4. በዓለም አቀፍ የፊደል አጠራር ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ፈረንሳይ ከሆናችሁ «ፎክስትሮት ስትሮክ» ብላችሁ የራሳችሁን ምልክት ጥሩና «ሊስኒንግ» በሉ። የመናገሪያውን ቁልፍ ከተጫናችሁ በኋላ አንድ ሰከንድ ቆዩ። ሪፒተሩ እስኪነሳ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወዲያው ከጀመራችሁ የመጀመሪያዋ ፊደል ትቆረጣለች።

5. መልስ ሲመጣ ስማችሁን፣ ያላችሁበትን ከተማና እንግዳ መሆናችሁን ተናገሩ። አጭር አድርጉት። የንግድ ጉዳይ፣ የሆቴል ሽያጭ፣ የታክሲ ዋጋ ድርድር በአማተር ሬዲዮ አይነሳም።

ደረጃ 7፦ ማንም ካልመለሰ

ሁሉንም ማስተካከያ አንድ ላይ አትነካኩ። በዚህ ተራ ሂዱ።

ምንም ድምፅ የለም? ስኩዌልቹን፣ ማለትም ምልክት በሌለበት ድምፁን የሚዘጋውን ማስተካከያ፣ ክፈቱ። «ሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሬዲዮው ይሠራል። የመቀበያ ቶን ተከፍቶ እንደሆነ አጥፉት። ቶኑ የሚያስፈልገው ስታስተላልፉ ነው፤ ስትቀበሉ ከተከፈተ ቶኑን የማይልክ ሪፒተር አጠገባችሁ ቢጮኽም አትሰሙትም።

ትሰማላችሁ፣ ግን ሪፒተሩ አይነሳም? ምልክታችሁን ተናግራችሁ ቁልፉን ስትለቁ የሪፒተሩ ምልክት ለቅጽበት ተሰምቶ ካልጠፋ አልደረሳችሁትም ማለት ነው። ሺፍቱን በሪቨርስ እዩ። ከዚያ ቶኑን። ከዚያ 1750ውን ሞክሩ። እነዚህ ትክክል ከሆኑ ቦታ ቀይሩ፣ ሽቦዋን አንጠልጥሉ።

ይነሳል፣ ግን ሰው የለም? ብዙ ሪፒተሮች በሥራ ሰዓት ጭር ይላሉ። ጠዋት ወደ ሥራ መሄጃ፣ ማታ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ጥሩ። ለሀገሩ ክለብ አስቀድማችሁ ኢሜይል ከጻፋችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው ይኖራል፤ ይህን ያህል የሚጠቅም ዘዴ አላውቅም።

«አትሰማም፣ ትቆራረጣለህ» ተባላችሁ? ባትሪውን እዩ። ቀጥሎ የድምፅ ስፋቱን። ማይክሮፎኑን ከአፋችሁ አራት ጣት ያህል አርቁት።

በሀገሩ ሪፒተር ከሌለ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ኤኮሊንክ ነው፤ በስልክ አፕና በኢንተርኔት ከሩቅ ሪፒተር ያገናኛል። ፈቃዳችሁን አስቀድሞ ማረጋገጥ ስለሚጠይቅ ከመነሳታችሁ በፊት ተመዝገቡ። ለዲጂታል ሬዲዮ ትንሽ ሆትስፖት፣ ማለትም ሬዲዮውን ከኢንተርኔት የምታገናኝ መሣሪያ፣ የምትይዙ ከሆነ እሷም አስተላላፊ መሆኗን አትርሱ፤ ፈቃዱ እሷንም መሸፈን አለበት።

ሁለተኛው ከላይ የሚያልፈው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። የድምፅ ሪፒተሩ ክፍት ሲሆን በ145.990 በ67 ኸርዝ ቶን ትልካላችሁ፣ በ437.800 ትሰማላችሁ። ጣቢያው እየቀረበ ሲመጣ ወደ 437.810፣ ራስ ላይ ሲደርስ 437.800፣ ሲርቅ ወደ 437.790 ዝቅ በሉ። ከ437.810 እስከ 437.790 ያሉትን አምስት ቻናሎች በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት ቀድማችሁ አስቀምጡ። በአጭር አንቴና መስማት ይቻላል፤ መመለስ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፈቃድ ማስፈለጉ እዚህም አይቀርም፤ የምታስተላልፉት ከዚያው ሀገር መሬት ላይ ነው።

ፖሊስ ወይም ጥበቃ ካስቆማችሁ

ወዲያው ማስተላለፉን አቁሙ። ሬዲዮውን አጥፉና እጃችሁ ላይ በሚታይ ሁኔታ ያዙት። ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን አሳዩ እንጂ አትስጡ። ከመንግሥት ሕንፃ፣ ከወታደራዊ ካምፕ፣ ከድልድይና ከድንበር ኬላ አጠገብ አስቀድሞ አለመጠቀም ግን ከዚህ ሁሉ ያድናችኋል።

ሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ላይ ከሆናችሁ

መጀመሪያ የሀገሩን የአደጋ ጊዜ ስልክ ሞክሩ። ካልሠራ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መሠረት በአደጋ ላይ ያለ ጣቢያ ትኩረት ለመሳብና እርዳታ ለማግኘት በእጁ ያለውን ማንኛውንም መንገድ ከመጠቀም አይከለከልም። በአቅራቢያ ያለውን ሪፒተር ያዙ። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ ምልክታችሁ፣ ያላችሁበት ቦታ፣ የሆነው ነገር፣ ስንት ሰው እንዳለ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቦታው ነው፤ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ እሱን የሰማ ሰው ሊመጣላችሁ ይችላል። ከዚያ ኃይል ለመቆጠብ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ብቻ እየከፈታችሁ አዳምጡ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ንገሯቸው።